ስለ ተጐዳ አካልና ስለ ጸና ልብ

ሰው ከሥጋና ከነፍስ የተገኘ ስለ ሆነ፥ ሥጋው ሲቈስል ነፍሱ ሳትነካ፥ ነፍሱም ስታዝን ሥጋው ሳይደክም አይቀርም። ስለዚህ የጥንት መምህራን የነፍስን ተጋድሎ ሲያስተምሩ ምሳሌውን ብዙ ጊዜ ከሥጋ ሥራ ያመጡ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በእሽቅድድም ሜዳ የሚሮጠውንና በጡጫ የሚጋጠመውን ሰው ምሳሌ አድርጎ አቀረበላቸው። የቆሮንቶስ ሰዎችም ነገሩን ለማስተዋል አልተቸገሩም፤ በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ኢስትምያ የሚባል ታላቅ ውድድር ይደረግ ነበርና። ዛሬም የሥጋ ሥልጠና ለነፍስ የሚሰጠው ትምህርት አላለቀም። ከትምህርቱም ሁሉ የሚበልጠው፥ ሰው ጕልበቱ ሲጨምር የሚማረው ሳይሆን፥ አካሉ ተጐድቶ የጀመረው መንገድ በተዘጋበት ጊዜ የሚማረው ነው።

በዚህ ዘመን በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ወጣቶች ከሥራና ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰቡበት ጂም የሚባል የጕልበት ማሠልጠኛ ቤት በየሰፈሩ ተከፍቷል። አንዳንዱ በፎቅ ላይ ሆኖ፥ መስተዋት በግድግዳው ዙሪያ የተሰቀለበት፥ ከውጭ አገር የመጣ መሣሪያ የተደረደረበት፥ በየወሩም ገንዘብ የሚከፈልበት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በቆርቆሮ አጥር ግቢ ውስጥ ያለ ሆኖ፥ ክብደቱ በጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ በብረት ቧንቧ ጫፍና ጫፍ የተተከለ ነው። ብረቱ ቢለያይም ላቡ አንድ ነው፤ በሁለቱም ቤት የሚገባው ወጣት የሚፈልገው ትናንት ያቃተውን ዛሬ ማንሣት ነውና።

ሥልጠናውን ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት የደስታ ወራት ናቸው። በየሳምንቱ ክብደቱ ይጨምራል፤ ክንዱ ይጠነክራል፤ እንቅልፉም ያምራል። ዐዋቂዎች ምክንያቱን ሲገልጹ፥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው ኀይል ከጡንቻው መወፈር ይልቅ ነርቭ ጡንቻውን ማዘዝ ስለሚለምድ የሚመጣ ነው ይላሉ። ነገር ግን በዚህ ደስታ ውስጥ የተሰወረ አደጋ አለ። ጡንቻ ብዙ ደም የሚመላለስበት ስለ ሆነ ፈጥኖ ይበረታል፤ ጡንቻውን ከዐጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለ ሆነ፥ ለመበርታትም ለመዳንም ወራት ይፈልጋል። እንግዲህ ጡንቻና ጅማት በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬና ወይፈን ናቸው። በሬው ስለ በረታ ብቻ ገበሬው ቢቸኩል፥ የሚጐዳው ወይፈኑ ነው። በትከሻ፥ በክርንና በጕልበት ላይ የሚደርሰው ጕዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለውም በእህል ብቻ የሚፈጸም አይደለም።

ጕዳቱ በደረሰ ጊዜ ወጣቱን ሁለት ፈተናዎች ይገጥሙታል። አንደኛው እልህ ነው፤ ሕመሙን ንቆ፥ ጥርሱን ነክሶ፥ የተጐዳውን አካል ከቀድሞው ይልቅ ያስጨንቀዋል። ሁለተኛው ተስፋ መቍረጥ ነው፤ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ይታየውና ሥልጠናውን ፈጽሞ ይተዋል። ሰዎች እነዚህን ሁለቱን እንደ ጠላቶች ይቈጥሯቸዋል፤ እልኸኛውን ጀግና፥ ተስፋ የቈረጠውን ደካማ ይሉታል። ነገር ግን በሚገባ ለመረመረው ሁለቱም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ እናታቸውም ትዕቢት ናት። እልኸኛው ደካማ ሆኖ መታየትን አይወድም፤ ተስፋ የቈረጠውም እንደ ቀድሞው ሆኖ ካልታየ በቀር መታየትን አይወድም። ሁለቱም በትንሽ መጠን ከታች መጀመርን ይጠላሉ። ጽናት ግን ከሁለቱም የተለየች ናት፤ እርስዋ የተከለከለውን ትታ የተፈቀደውን ሳታቋርጥ ትሠራለችና።

የግሪክ ሰዎች ስለ ሚሎን የሚተርኩት ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል። ሚሎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት በደቡብ ኢጣሊያ በክሮቶን ከተማ የነበረ፥ በኦሎምፒያ በትግል ስድስት ጊዜ ድል ያደረገ ኀይለኛ ሰው ነው። ስለ እርሱ ሲነገር፥ አንድ ጥጃ በየቀኑ ይሸከም ነበር፤ ጥጃው እያደገ ሲሄድ የሚሎንም ጕልበት አብሮ እያደገ ሄደ፤ በመጨረሻም ወይፈን ተሸክሞ ታየ ይባላል። ይህ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ከሚለው ከአገራችን ምሳሌ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን ያው ሚሎን በሸመገለ ጊዜ በጫካ ውስጥ ሽብልቅ ገብቶበት የተሰነጠቀ ግንድ አገኘ፤ በእጁ ሊገነጥለው ሲሞክር ሽብልቁ ወደቀ፥ ግንዱም እጁን ጨምድዶ ያዘው፤ በዚያው እንደ ተያዘ አራዊት በሉት ይባላል። ታሪኩ እንዲሁ ሆነም አልሆነም፥ ትምህርቱ እውነት ነው። ሚሎንን ያሳደገው በየቀኑ ጥቂት መጨመሩ ነበር፤ ያጠፋው ግን ትናንት የነበረውን ጕልበት ዛሬም አለኝ ማለቱ ነው።

ይህ በጥንት ዘመን ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ አናጢ ጐልማሳ ቀን በመጋዝና በመዶሻ ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ወደ ጂም ይሄዳል፤ በበዓል ቀን ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ከበሮ ይመታል። አንድ ቀን ከባልንጀራው ጋር ተፎካክሮ ከለመደው በላይ የሆነ ክብደት ከራሱ በላይ ሲያነሣ በቀኝ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ሲላቀቅ ተሰማው። ባልንጀራው እንዳያውቅበት ስቆ አለፈው። ሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት በዚያ ጐኑ መተኛት ሳይችል፥ ቀን ግን ያንኑ ክብደት ሲያነሣ ሰነበተ። በመጨረሻ መዶሻውን ከደረቱ በላይ ማንሣት ተሳነው። ያን ጊዜ እልሁ በአንድ ቀን ተስፋ ወደ መቍረጥ ተለወጠ፤ ጂሙን ተወ፤ ከበሮውን ለሌላ ሰጠ፤ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱም መሄድ አፈረ። የዕለት ደመወዙ ከትከሻው የሚገኝ ስለ ሆነ ጭንቀቱ የከንቱ ክብር ብቻ አልነበረም።

እናቱ ግድ ብላ ወደ ሰፈሩ ወጌሻ ወሰደችው። ሽማግሌው ወጌሻ ትከሻውን ዳብሶ፥ ክንዱን በቀስታ አንሥቶና አውርዶ፥ «ልጄ፥ ይህ ውልቃት አይደለም፤ ውልቃት ቢሆን በመለስሁት ነበር። ይህ የውስጥ ጅማት ነገር ነውና ሐኪም ይየው። እኔ ባሸው ይብስብሃል» አለው። ጐልማሳውም «አባባ፥ ታዲያ ሥራዬስ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «ሥራህንም የሚመልስልህ አሁን መታገሥህ ነው» ብሎ አሰናበተው። የእጁን ሙያ የሚያውቅ ሰው የሙያውን ወሰን ያውቃል፤ ይህም ከታላላቅ ጥበቦች አንዱ ነው።

ሐኪሙ ጅማቱ ፈጽሞ እንዳልተበጠሰ፥ ነገር ግን እንደ ተጐዳ ነገረው፤ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ወደሚሰጥበት ክፍልም ላከው። በዚያ የተሰጠው ሥራ አንድ ቀጭን ላስቲክ በበር እጀታ ላይ አስሮ ክንዱን ከጐኑ ሳያርቅ አሥር ጊዜ መሳብ ነበር። ከባድ ብረት ሲያነሣ ለነበረ ሰው ይህ እንደ ሕፃን ጨዋታ ሆነበት። ከጥቂት ሳምንትም በኋላ አንድ ኪሎ ክብደት እንዲይዝ ፈቀዱለት። ከሕመሙ ይልቅ የከበደው ይህ አንድ ኪሎ ነው፤ በመስተዋት ፊት በባልንጀሮቹ መካከል ሆኖ አንድ ኪሎ ማንሣት አፈረ። ስለዚህ በምሳ ሰዓት፥ ሰው በማይኖርበት ጊዜ ወደ ጂሙ መሄድ ጀመረ።

ቤቱ ግን በዚያ ሰዓት ባዶ አልነበረም። ግማሽ አካላቸው የሰነፈባቸው አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው ባዶ ዱላ በሁለት እጃቸው ከፍና ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ወገብዋን የታመመች አንዲት ሴትም ምንጣፍ ላይ ተኝታ እግርዋን በቀስታ ታነሣ ነበር። ጐልማሳው ለብዙ ጊዜ በተመላለሰበት ቤት እነዚህን ሰዎች አይቷቸው አያውቅም ነበር። ሽማግሌው በየቀኑ ዱላውን ስንት ጊዜ እንዳነሡ ለልጃቸው ሲያስቈጥሩ ሰማ፤ ከሰባት ወደ ስምንት በደረሱ ቀን ደስታቸው በፊታቸው ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎው አላሳፈረውም። የዚያን ዓመት ጥምቀት ከበሮውን ሌላ ተሸክሞት እርሱ ከመዘምራኑ ጋር በሽብሸባ ብቻ ታቦቱን አጀበ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት ግን ከበሮው በአንገቱ ላይ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ሕመምን መለየት ነው። ሕመም ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ሕመም ሁሉም የሚናቅ አይደለም። ያልለመደ ጡንቻ ከሠራ በኋላ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የሚሰማው፥ በሰፊው የተዘረጋና እየሞቀ ሲሄድ የሚቀል ሕመም የሥራ ሕመም ነው፤ በጥቂት ቀን ያልፋል። ነገር ግን በድንገት የመጣ፥ በአንድ ነጥብ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ፥ መገጣጠሚያውን የሚያሳብጥ፥ ሌሊት የሚያነቃ፥ ወይም እጅና እግርን የሚያደነዝዝ ሕመም የጕዳት መልእክተኛ ነው። መልእክተኛን ገሥጾ መስደድ መልእክቱን አያጠፋውም።

ሁለተኛውም ትምህርት ዕረፍት ማለት ሥራ መፍታት አለመሆኑ ነው። በ1978 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ገብ ሚርኪን የሚባል የአሜሪካ ሐኪም የተጐዳውን አካል ማሳረፍ፥ በበረዶ ማቀዝቀዝ፥ በጨርቅ ማሰርና ከፍ አድርጎ ማኖር እንደሚገባ በመጽሐፍ ጻፈ፤ ምክሩም በዓለም ሁሉ ተሰማ። በ2014 ግን ያው ሐኪም በረዶውና ፍጹም ዕረፍቱ መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ራሱ መልሶ ጻፈ። ዛሬ ብዙዎች ሐኪሞች የሚመክሩት፥ የመጀመሪያዎቹ የከፉ ቀናት ካለፉ በኋላ፥ አካሉ በሚችለው መጠን በቀስታ እንዲንቀሳቀስ ነው። ጅማትም ዐጥንትም የሚጠገኑት የሚችሉትን ሸክም ሲሸከሙ ነውና፤ ፈጽሞ ያልተሸከመ ይደክማል፥ ከመጠን በላይ የተሸከመም ይሰበራል።

ወጣቶች በጂም ውስጥ ሲሠሩ አሥር ጊዜ አንሥተው ያርፋሉ፤ ይህንም ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል። ይህ ቍጥር ከወዴት እንደ መጣ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቶማስ ደሎርም የሚባል ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቺካጎ ባለ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር። እርሱ ራሱ በልጅነቱ በጽኑ በሽታ ተይዞ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ነበርና፥ ሲያገግም ክብደት በማንሣት ኀይሉን መልሶ ነበር። ስለዚህ ጕልበታቸው የተጐዳ ወታደሮች በአልጋ ላይ ሲሰንፉ ባየ ጊዜ፥ የሚችሉትን ክብደት እያነሡ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንዲጨምሩ አደረገ፤ ውጤቱንም በ1945 አሳተመ። በ1948 ደግሞ ከሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ ሥርዐቱን አቀለለው፤ በሽተኛው አሥር ጊዜ ሊያነሣው ከሚችለው ክብደት በመጀመሪያ ግማሹን፥ ቀጥሎ ከአራት ሦስት እጁን፥ በመጨረሻ ሙሉውን አሥር አሥር ጊዜ እንዲያነሣ ነው። እንግዲህ ዛሬ በመስተዋት ፊት በኵራት የሚቈጠረው ቍጥር መጀመሪያ የተቈጠረው በቍስለኞች አልጋ አጠገብ ነው። በጂም ውስጥ የተጐዳ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቤቱ አስቀድሞ የእርሱ ነበርና።

ከዚህም የሚደነቅ ሌላ ነገር አለ። በ1894 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርስቲ ኤድዋርድ ስክሪፕቸር የሚባል መምህር ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ አንድ ሰው አንዱን እጁን ብቻ ቢያሠለጥን ምን እንደሚሆን መረመረ። የሠለጠነው እጅ በረታ፤ ነገር ግን ምንም ያልሠራው ሁለተኛው እጅም ኀይል ጨምሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ደጋግመው መርምረው ይህንኑ አገኙ፤ ሥልጠና ጡንቻን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውን የሚያዝዘውን አንጐልና ነርቭ ጭምር ያስተምራልና። ስለዚህ ቀኝ ክንዱ የታሰረበት ሰው ግራውን ቢያሠለጥን፥ የታሰረው ክንድ ኀይሉ እንዳይጠፋ ይረዳዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አንድ አካል ብልቶች ሲያስተምር አንዱ ብልት ቢታመም ሌሎቹ አብረው እንደሚታመሙ የተናገረው በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው፤ እነሆ ጤነኛው ብልትም ለታመመው እንደሚደክምለት በሥጋ ሳይቀር ታየ።

ልብ እንዳይዝል ግን ምን ይደረጋል? በዚህ ነገር የቅኔ ቤት ሥርዐት ጥሩ መምህር ነው። ቅኔ ለመማር የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይቈጥርም። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እርስዋን ሲያደላድል ወደ ዘአምላኪየ፥ ከዚያም ወደ ሚበዝኁ፥ እንዲህ እያለ ቤት በቤት ላይ እየጨመረ ይወጣል። መምህሩ ቅኔውን ቢያፈርስበት ተማሪው ወደ ዱር ወርዶ እንደ ገና ይቈጥራል እንጂ ቅኔ አልተፈጠረልኝም ብሎ ወደ አገሩ አይመለስም። ታሞ የሰነበተም ተማሪ ሲነሣ ከጓደኞቹ ጋር ለመተካከል ዘሎ ወደ ላይ አይወጣም፤ ካቋረጠበት ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ማንም አይስቅበትም፤ መንገዱ ለሁሉ አንድ ነውና። የተጐዳ ሰልጣኝም እንዲሁ ወደ ጉባኤ ቃናው መመለስ አለበት። ዛሬ የሠራውን በትንሽ ደብተር ቢጽፍ፥ ራሱንም የሚያስተያየው ከባልንጀራው ጋር ሳይሆን ካለፈው ሳምንት ጋር ቢሆን፥ የሚሠራበትን ሰዓት እንደ ጸሎት ሰዓት ቢያከብር፥ ሥራው ትንሽ በሆነ ቀን እንኳ ቢሆን ከቦታው ባይቀር፥ ልቡ ሳይወድቅ ይቈያል። የፈቃድ ግለት ይመጣል ይሄዳል፤ ልማድ ግን ሰውየው ባልተደሰተበትም ቀን እጁን ይዞ ይወስደዋል።

ለዚህ ሁሉ ከኢትዮጵያ ልጆች መካከል ከሻምበል አበበ ቢቂላ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም። በሮማ በመስከረም 10 ቀን 1960 በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ድል ማግኘቱን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በ1964 የቶኪዮ ውድድር ስድስት ሳምንት እንኳ ባልቀረው ጊዜ ትርፍ አንጀቱን ታሞ በሐኪም ቢላዋ ተሠራ። ሐኪሞቹ በፈቀዱለት መጠን መራመድን፥ ከዚያም መሮጥን ቀስ በቀስ ጀመረ፤ በጥቅምት 21 ቀንም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከገባም በኋላ ሌሎቹን ሲጠብቅ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ።

ብዙ ሰዎች የሚያስታውሱት ይህን ብቻ ነው፤ የሚበልጠው ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1968 በሜክሲኮ እግሩ ታሞ ወደ ውድድሩ ገባ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ግን አቋረጠ። ሁለት የኦሎምፒክ ዘውድ ላለው ሰው በዓለም ሁሉ ፊት መቆም ከመሮጥ ይልቅ ይከብዳል። የዚያን ቀን ድል ለባልንጀራው ለማሞ ወልዴ ሆነ፤ የኢትዮጵያም ስም ሳይወርድ ቀረ። በ1969 በመጋቢት ወር ደግሞ ይነዳው የነበረው መኪና ተገልብጦ የጀርባ ዐጥንቱ ተጐዳ፤ እነዚያ ሁለት የዓለም እግሮች ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተንቀሳቀሱም።

ለሕክምና የተወሰደው በእንግሊዝ አገር ወዳለው ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር። በዚያ ሆስፒታል ሉድዊግ ጉትማን የሚባል ሐኪም በ1944 የጀርባ ዐጥንት ለተጐዳባቸው ሰዎች የሚሆን ክፍል አቋቁሞ ነበር፤ እርሱም ከናዚዎች ስደት አምልጦ በ1939 ወደ እንግሊዝ የገባ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጕዳት የደረሰበት ሰው በአልጋ ቍስልና በኩላሊት በሽታ ሞቱን እንዲጠባበቅ ይተው ነበር። ጉትማን ግን በሽተኞቹ በአልጋ ላይ እንዲገላበጡ፥ እንዲቀመጡ፥ ክንዳቸውን እንዲያበረቱ፥ በመጨረሻም እንዲጫወቱ አደረገ። በ1948 ሐምሌ 29 ቀን የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተ ጊዜ በሆስፒታሉ ሜዳ 16 ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በቀስት ተወዳደሩ። በ1960 ደግሞ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ሰዎች በሮማ ከተማ ተሰበሰቡ፤ ውድድራቸውም የተከፈተው አበበ በባዶ እግሩ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን በዚያችው ከተማ ነው። አበበ በዚያን ጊዜ እነዚያ ሰዎች ለእርሱ መንገድ እንደሚጠርጉለት ሊያውቅ አይችልም ነበር። እግዚአብሔር ግን ሰው ሳይጐዳ የጕዳቱን ጎረቤት አስቀድሞ ያዘጋጃል።

አበበም በስቶክ ማንደቪል የእጆቹ ኀይል ከተመለሰለት በኋላ በ1970 በዚያው ስፍራ በሚደረገው ውድድር በቀስት ውርወራ ተሰለፈ፤ በ1971 በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተንሸራታች ወንበር ተወዳድሮ አሸነፈ። ድሉም አደጋውም ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ አድርጎ እንደ ተቀበለው ተናግሯል። በጥቅምት 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በእርሱ ሕይወት እልህን የሚፈልግ ሰው አያገኝም፤ ጽናትን የሚፈልግ ግን ይጠግባል። መሮጥ ሲፈቀድለት ሮጠ፤ መቆም ሲገባው ቆመ፤ እግር ሲነሣው እጁን አሠለጠነ።

ከምእመናን መካከል ይህን ሁሉ ሰምቶ የሥጋ ሥልጠና ለክርስቲያን ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሥጋን ልማድ ጥቅሙ ጥቂት ነው ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ያለው ምንም ያለው አይደለም። ሌላው ደግሞ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል አንሥቶ፥ ጻድቁ በጸሎት ብዛት እግራቸው እስኪሰበር ቆመው የለምን፥ ወጣቱስ ለምን ሕመሙን ንቆ አይቀጥልም ይል ይሆናል። ጥር 24 ቀን የሚታሰበው ይህ ተጋድሎ ለጸሎት የተደረገ እንጂ ለመስተዋት የተደረገ አይደለም፤ ለብረት ማንሻም ምሳሌ አይሆንም። ይልቁንም ከገድሉ የሚገኘው ትምህርት፥ እግር ቢሰበር ጸሎት አለመሰበርዋ ነው። ጻድቁ በቀረላቸው በአንድ እግራቸው ቆሙ፤ የተነሣቸውን እየቈጠሩ የቀረላቸውን አላሰነፉም።

ያዕቆብም በያቦቅ ወንዝ ማዶ ሌሊቱን ሁሉ በታገለ ጊዜ የጭኑ ሹልዳ ተነክቶ አነከሰ። ሲነጋ ያገኘው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ በረከት፥ አንዱ ማንከስ። በረከቱን ተቀብሎ ማንከሱን አልጣለም፤ እያነከሰም ቢሆን ወደሚሄድበት ሄደ፤ ለብዙ ዓመት የፈራውን ወንድሙንም አግኝቶ ታረቀ። ዛሬም ትከሻው ወይም ጕልበቱ ተጐድቶ በጂሙ ደጃፍ ቆሞ ልግባ ወይስ ልቅር የሚል ወጣት ቢኖር፥ ይግባ፤ ነገር ግን የትናንቱን ክብደት በደጅ ትቶ ይግባ። ለዛሬ የተፈቀደለት አንድ ኪሎ ከሆነ አንዱን ኪሎ በደስታ ያንሣ። የሁሉ ጌታ ለተጐዱት ጤናን፥ ጤነኞች ለሆኑትም ልክን ማወቅ ይስጣቸው።